«ካላወጣሁት ግብር የለብኝም» ለሚሉ ወገኖች የተሰጠ መልስ



የግብር ወራት በቀረበ ቁጥር በመካከላችን አንድ አሉባልታ ይናፈሳል። ከቡና ቤት ይነሣል፣ ታክሲ ተራ ላይ ይዳብራል፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደግሞ ሕግ ሆኖ ይነገራል። እንዲህ የሚል ነው፦ «በስልክህ የምትገዛው የምትሸጠው አክሲዮን፣ ገንዘቡን ወደ ባንክህ እስካላወጣኸው ድረስ ግብር የለበትም። ትንሽ ከሆነ ደግሞ ማንም አያየውም። ከከሰርክማ ጭራሽ አትጻፈው፤ ምን አተረፍክና!» ሦስት አነጋገር ነው፤ ሦስቱም ሐሰት ነው። ሐሰት ብቻ ቢሆን በዝምታ ባለፍነው ነበር። ነገር ግን በዚህ ወሬ ምክንያት ሁለት ሥራ እየሠራ የሚያድር ሰው ሊመለስለት የሚገባውን ገንዘብ ያጣል፣ ወለድና ቅጣትም ይከተለዋል። ስለሆነም ይህ ሰሌዳ ዝም ሊል አይገባውም።

በቅድሚያ አክሲዮን መነገድን የምንነቅፍ እንዳይመስልብን። ሮቢንሁድ የተባለው ድርጅት በ2013 ተቋቁሞ ያለ ኮሚሽን ማገበያየት ከጀመረ ወዲህ፣ በኦክቶበር 2019 ደግሞ ትልልቆቹ ደላሎች ኮሚሽናቸውን ካነሡ በኋላ፣ አክሲዮን የሀብታም ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ኤርፖርት ተሳፋሪ የሚጠብቅ ሹፌር፣ የማታ ተረኛ የሆነች የነርስ ረዳት፣ የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ በ5 ዶላርም ቢሆን የአንድ አክሲዮን ቁራሽ ይገዛሉ። ይግዙ፤ መልካም ነው። በጃንዋሪ 2021 የጌምስቶፕ አክሲዮን ከ400 ዶላር በላይ ወጥቶ በሳምንት ውስጥ ከ100 በታች ሲወርድ ስንቶቻችን ስልካችን ላይ አፍጥጠን እንደዋልን አይረሳም። ሮቢንሁድ ሰው ሲገበያይ ስልኩ ላይ ይበትነው የነበረውን ባለ ቀለም ብጥስጣሽ ወረቀት በማርች 2021 አስቀርቶታል። የጨዋታው መንፈስ ግን በብዙዎቻችን ልብ ውስጥ ቀረ። በጨዋታ ላይ ግብር አለ ብሎ የሚያስብ ደግሞ የለም። ክርክራችን እዚህ ላይ ነው፤ የነገደ ሰው የነገደውን ያስታውቃል።

«ካላወጣሁት» የሚለውን እንመልከት። በአገራችን ገበያ ወጥቶ በሬውን የሸጠ ሰው፣ ብሩን ይዞ ቤቱ ቢገባም፣ እዚያው በግ ቢገዛበትም፣ በሬው ተሽጧል። አክሲዮንም እንዲሁ ነው። ትርፍና ኪሣራ የሚቆጠረው በሸጡበት ቀን ነው። ገንዘቡ አፑ ውስጥ ቢቀመጥ፣ ወዲያው ሌላ አክሲዮን ቢገዛበት፣ ወደ ባንክ ቢዛወር ለሕጉ ልዩነት የለውም። ወሬው የተነሣው ከግማሽ እውነት ነው፦ ገዝቶ ያልሸጠ ሰው ዋጋው ስለወጣ ብቻ ግብር አይከፍልም። በረት ውስጥ ያለ በሬ ቢወደድ ማን ቀረጥ ይጠይቅበታል? ይህን «ካልሸጥኩት» የሚለውን እውነት «ካላወጣሁት» ብሎ የለወጠው ማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ዲቪደንድ የሚባለው የትርፍ ድርሻም ተመልሶ አክሲዮን እንዲገዛ ቢታዘዝ እንኳ የዚያው ዓመት ገቢ ነው።

«ማንም አያየውም» የሚለው ደግሞ የሚያስቅ ነው። ደላላው ድርጅት በፌብሩዋሪ አጋማሽ ላይ 1099 የተባለውን ወረቀት ያወጣልዎታል፤ የዚያው ወረቀት ቅጂ ለፌደራሉ ገቢ መሥሪያ ቤት፣ ለአይ አር ኤስ ይሄዳል። በላዩ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎ፣ የአክሲዮኑ ስም፣ የተሸጠበት ቀን፣ የሽያጩ ገንዘብ ተዘርዝሯል። ከ2011 መጀመሪያ ወዲህ ለተገዛ አክሲዮን የተገዛበት ዋጋም ጭምር ይነገራል። «ከ600 ዶላር በታች አይጻፍም» የሚሉት ነገር ለአክሲዮን ሽያጭ የለም። የትርፍ ድርሻና የወለድ ወረቀት የሚላከው ከ10 ዶላር ጀምሮ መሆኑ እውነት ነው፤ ወረቀት አልመጣም ማለት ግን ገቢው ገቢ አይደለም ማለት አይደለም። ጓደኛ በመጋበዝ የተገኘው ነፃ አክሲዮንም ያው ገቢ ነው። ታዲያ የምንደበቀው ከማን ነው? እኛ «አልነገድኩም» ስንል መሥሪያ ቤቱ ወረቀቱን ይዞ ያዳምጠናል።

ሁለቱን ወረቀቶች የሚያስተያየው ኮምፒዩተር ነው። ካልገጠሙ ከወራት በኋላ፣ አንዳንዴም ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ሲፒ 2000 የሚባል ደብዳቤ ይመጣል። ያን ጊዜ ግብሩ ብቻ አይደለም፤ ወለድ ይታሰባል፣ በጎደለው ግብር ላይም 20 በመቶ ቅጣት ሊጨመር ይችላል። የተተወው ገቢ በማስታወቂያው ላይ ከተነገረው ከ25 በመቶ በላይ ከሆነ መሥሪያ ቤቱ ወደ ኋላ የሚያይበት ጊዜ ከ3 ዓመት ወደ 6 ዓመት ይረዝማል። ማጭበርበር ከተገኘበት ደግሞ የጊዜ ገደብ የለውም።

የሚገርመው፣ ስንት ሰው የሚደብቀው የሌለ ግብር ነው! ከ1 ዓመት በላይ ተይዞ የተሸጠ አክሲዮን ትርፉ የሚታሰበው በ0፣ በ15 ወይም በ20 በመቶ ነው። በ2025 የግብር ዓመት ግብር የሚከፈልበት ገቢው በጠቅላላው ከ48,350 ዶላር የማይበልጥ ላጤ፣ ከ96,700 የማይበልጡ ባልና ሚስት፣ በዚህ ትርፍ ላይ የፌደራል ግብራቸው ዜሮ ነው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ እንደ ተራ ገቢ ያስከፍሉታል፤ እሱ ሌላ ነው። ዜሮ የሚከፈልበትን ነገር ደብቆ ደብዳቤ መጠበቅ ምን ይሉታል? ለ1 ዓመት ወይም ከዚያ ላነሰ ጊዜ ተይዞ የተሸጠው ግን ልክ እንደ ደመወዝ ይታሰባል። ከደመወዝ የሚለየው ቆርጦ የሚያስቀምጥልን አሠሪ አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ያተረፈ ሰው የግብሩን ከወዲሁ ለይቶ ያስቀምጥ፤ 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ዕዳ የሚመጣበት መስሎ ከታየው በየሩብ ዓመቱ ይክፈል፣ ወይም ከደመወዙ የሚቆረጠውን ያስጨምር።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ «ከከሰርክ አትጻፈው»። ከሦስቱ እጅግ የሚያቃጥለው ይህ ነው፤ ምክንያቱም የሚጎዳው የተጎዳውን ነው። የከሰረ ሰው ኪሣራውን ቢጽፍ በመጀመሪያ በዚያው ዓመት በሌሎች አክሲዮኖች ካተረፈው ላይ ይቀነስለታል። ከዚያ ያለፈው ኪሣራ እስከ 3,000 ዶላር ድረስ ከደመወዙና ከሌላው ገቢው ላይ ይቀነሳል፤ ለየብቻ ለሚያስታውቁ ባልና ሚስት ለእያንዳንዳቸው 1,500 ነው። ያም ተቀንሶ የተረፈ ካለ ለሚመጣው ዓመት፣ ለሚቀጥለውም፣ እስኪያልቅ ድረስ ይሻገራል። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ሕግ ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ ሰው ወደ 5,000 ዶላር አፑ ላይ አስገባ እንበል። በእረፍት ሰዓቱ እየገዛ እየሸጠ በዓመቱ ውስጥ 100 ጊዜ ሸጠ፤ እያንዳንዱ ሽያጭ 4,000 ዶላር ገደማ። በመጨረሻ 1,800 ዶላር ከስሯል። ወረቀቱ ሲመጣ የሽያጭ ድምር በሚለው ሣጥን ውስጥ 400,000 ዶላር ተጽፎ ያገኛል። «አራት መቶ ሺህ? እኔ? በዕድሜዬ አይቼው የማላውቀውን!» መደንገጡ አይፈረድበትም። ግን ያው 4,000 ዶላር ነው፣ እንደ ዕቁብ ገንዘብ መቶ ጊዜ ዞሮ። አጠገቡ ያለውን ሣጥን ቢያይ የግዢው ድምር 401,800 ነው፤ ልዩነቱ ኪሣራው ነው። ይህን የሚያስረዳው ሰው ሳያገኝ፣ በድንጋጤው ላይ ወሬኛው ይመጣና «ቅደደው፣ ዝም በል» ይለዋል። እሱም ይቀደዋል።

ጽፎት ቢሆንስ? በፌደራል 12 በመቶ እርከን ላይ ያለ የቨርጂኒያ ነዋሪ ቢሆን ከፌደራሉ 216 ዶላር፣ ከስቴቱ በ5.75 በመቶ ሒሳብ 103 ዶላር ገደማ ይድንለት ነበር። ከ300 ዶላር በላይ! በአክሲዮን የከሰረው ሳያንስ በወሬ ደግሞ ሌላ ከሰረ። ይባስ ብሎ፣ 9,000 ዶላር የከሰረ ሰው በሦስት ዓመት ከፋፍሎ ሊቀንሰው ሲችል በመጀመሪያው ዓመት ዝም ቢል፣ ባይጽፈውም የዚያን ዓመት 3,000 እንደ ተቀነሰለት ተቆጥሮ ነው ቀሪው የሚሻገረው። ዝምታውም ይቆጠራል ማለት ነው።

ሁለት ነገር እዚህ ላይ ይታወቅ። አንደኛው፣ በኪሣራ የሸጡትን አክሲዮን ከሽያጩ በፊት ወይም በኋላ ባሉት 30 ቀኖች ውስጥ ያንኑ ከገዙት ኪሣራው ለጊዜው አይቀነስም። 10 አክሲዮን በ500 ዶላር ገዝቶ በ300 የሸጠ፣ በሳምንቱ ቆጭቶት በ320 መልሶ የገዛ ሰው 200 ዶላሩ አልጠፋችም፤ አዲሱ አክሲዮን ላይ ተጨምራ የተገዛበት ዋጋ 520 ሆኖ ይያዝለታል። ብዙ ሰው ወረቀቱ ላይ ኪሣራው አንሶ ሲያይ «አፑ ዘረፈኝ» ይላል። ዘረፋ አይደለም፤ ደንቡ ነው። ሁለተኛው፣ ክሪፕቶ የሚነግዱ ወገኖች በተለይ ይስሙ። በ2025 ለተሸጠ ክሪፕቶ ደላሎች ለመሥሪያ ቤቱ እንዲያስታውቁ የተገደዱት የሽያጩን ገንዘብ ነው፤ የተገዛበትን ዋጋ የማስታወቅ ግዴታ የሚጀምረው ከ2026 ጀምሮ ለሚገዛው ነው። በ21,000 ገዝቶ በ20,000 የሸጠ ሰው ዝም ቢል መሥሪያ ቤቱ የሚታየው 20,000ው ብቻ ነው። ኪሣራውን የሚያውቀው ራሱ ባለቤቱ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ «ከከሰርክ አትጻፈው» ተብሏል! በዚያ ላይ በ1040 የመጀመሪያ ገጽ ላይ ዲጂታል ንብረት ሸጠሃል ወይስ አልሸጥክም የሚል ጥያቄ አለ። ሸጦ «አይ» ያለ ሰው ዝም አላለም፤ በፊርማው ሐሰት ተናገረ።

ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው ቡና ቤት ብቻ አይደለም። ግብር እንሠራለን የሚሉ አንዳንድ ሰዎችም አሉበት። ወረቀቱ 40 ገጽ መሆኑን ሲያዩ አንዱ «ይኼን ተወው፣ ተመላሽህን ያሳንስብሃል» ይላል። ሌላው ደግሞ «በመስመር ይህን ያህል ነው» ብሎ ዋጋ ይቆልላል። ሁለቱም ደንበኛቸው ስለማያውቅ ነው የሚደፍሩት። የተገዛበት ዋጋ ለመሥሪያ ቤቱ የተነገረና ምንም ማስተካከያ የሌለበት ሽያጭ በ8949 ላይ አንድ በአንድ መዘርዘር የለበትም፤ ድምሩ በቀጥታ ሼጁል ዲ ላይ ይገባል። 40 ገጽ የተባለው ሁለት መስመር ሊሆን ይችላል! ማስተካከያ ያለባቸው፣ እንደ 30 ቀኑ ደንብ ያሉት፣ ናቸው 8949 የሚሹት። ገንዘብ ተቀብሎ የሚሠራ ሰው ደግሞ ስሙንና ፒ-ቲን የሚባለውን ቁጥሩን አኑሮ መፈረም ግዴታው ነው። «አንተ ራስህ እንደሠራኸው አድርገን እንላከው» የሚል ካጋጠማችሁ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ውጡ። ደብዳቤው ሲመጣ እሱ የለም፤ የፈረመው ባለቤቱ ነው የሚጠየቀው። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ቪታ የተባለው ነፃ አገልግሎት በግብር ወራት ይከፈታል፤ የተለመደውን የአክሲዮን ሽያጭም ይሠራሉ።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ይህ የመደበቅ ጠባይ ከየት እንደመጣ እናውቀዋለን። በአገራችን ለትንሽ ነጋዴ ግብር ማለት ገማች መጥቶ ሱቁን ቃኝቶ የሚተምነው ነበር። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምቱ ሲወጣ ስንት ሱቅ እንደተዘጋ፣ ስንት ሰው እንዳለቀሰ የሰማ ያውቃል። በግምት የሚገዛ ሰው ገቢውን ቢያሳንስ ራሱን መከላከሉ ነው፤ አንፈርድበትም። እዚህ ግን ገማች የለም። አስታዋቂው ራስህ ነህ፣ መስካሪው የደላላው ወረቀት ነው። ለገማች የተማርነውን ዘዴ ለወረቀት ብናመጣው አይሠራም።

«ሀብታሞቹስ መች ይከፍላሉ?» የሚልም አይጠፋም። ይህ ክርክር በሌላ ቦታ ሊቀርብ የሚገባው ነው፣ እኛም ሐሳብ አለን። ነገር ግን ሀብታሞቹ ምን እንደሚያደርጉ ልብ ይባል፦ ኪሣራቸውን አንዲት ሳንቲም ሳያስቀሩ ነው የሚጽፉት። እንዲያውም ዲሴምበር ሲደርስ የወረደውን አክሲዮን ሆን ብለው ሸጠው ኪሣራ ይለቅማሉ። ከእነሱ ጋር እንፎካከር ከተባለ በዚህ እንፎካከር እንጂ!

ነገሩ የገንዘብ ብቻም አይደለም። እናቱን ወይም ሚስቱን ለማምጣት አይ-864 የሚሞላ ሰው የቅርብ ዓመት የፌደራል ግብር ማስታወቂያውን ያያይዛል። ዜግነት የሚያመለክት በኤን-400 ላይ ጊዜው ያለፈ የግብር ዕዳ እንዳለበት ይጠየቃል። ያቺ የተረሳች የአክሲዮን ወረቀት ከሁለት ዓመት በኋላ ዕዳ ሆና የምትነሣው ምናልባት ቀጠሮው በደረሰበት ሳምንት ነው። ልጆች ያሏቸው ሠራተኞች የሚያገኙት ኢ.አይ.ቲ.ሲ. የሚባለው ድጎማም አለ፤ በ2025 የግብር ዓመት ከአክሲዮን፣ ከወለድና ከመሳሰለው የተገኘ ገቢ ከ11,950 ዶላር ካለፈ ድጎማው ሙሉ በሙሉ ይቀራል። በገበያው የጤና መድን የሚገዙትም የአክሲዮን ትርፋቸው ገቢያቸው ላይ ተደምሮ ነው እርዳታው የሚሰላው። ከዓመቱ ማለቂያ በፊት ይህን ያወቀ ሰው የሚሸጥበትን ጊዜ ሊመርጥ ይችላል። ዝም በል የተባለ ሰው ግን ምርጫ የለውም፤ ሲመጣበት ነው የሚያየው።

ካለፉት ዓመቶች ሳይጽፉ የቀሩ ወገኖች ቢኖሩ፣ አንድ በአንድ በስም አንጠራም፣ አናሳፍርምም። ደብዳቤ ሳይመጣ በ1040-ኤክስ ማረም ይቻላል። ገንዘብ የሚመለስላቸው ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ማስታወቂያውን ካስገቡበት ቀን አንሥቶ 3 ዓመት አላቸው፤ ካለፈ ገንዘቡ አይጠየቅም። የድሮዎቹ 1099 ወረቀቶች አፑ ውስጥ የግብር ሰነዶች በሚለው ክፍል ይገኛሉ፤ ፖስታ ሣጥን ውስጥ አይፈልጓቸው።

ሲፒ 2000 የደረሰው ሰው ደግሞ ፍሪጅ ላይ አይለጥፈው። ደብዳቤው የክፍያ ማዘዣ ሳይሆን ሐሳብ ማቅረቢያ ነው፤ የተገዛበትን ዋጋ የሚያሳየውን ወረቀት ከሼጁል ዲና ከ8949 ጋር አያይዞ «አልስማማም» ማለት ይቻላል። የመመለሻው ቀን ደብዳቤው ላይ ተጽፏል፤ አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን ነው። መልስ ካልተሰጠ ቀጥሎ የሚመጣው ደብዳቤ ወደ ግብር ፍርድ ቤት ለመሄድ 90 ቀን ይሰጣል፤ ያም ካለፈ መሥሪያ ቤቱ ያሰበው ሒሳብ እንዳለ ይጸናል፣ መሰብሰቡም ይጀመራል።